ሰባት ጊዜ የታጠቡ አላዶች

ራዚያ ከሙስካት ስትመለስ አንገቷም እጇም ባዶ ነበር። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ደግሞ ዐረብ አገር ከርማ ወርቅ ያላንጠለጠለች ልጅ ጉድ ናት። «ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ኖረች?» እያለ ሰፈሩ ሲያማት ከረመ። ይማ! ሐሜት እንደሆነ ቀረጥ አይከፈልበትም። ይዛ የመጣችውን የሚያውቁት እሷና እናቷ መስኡዳ ብቻ ነበሩ።

ይዛ የመጣችው ዘጠኝ አላድ ነው። አላድ በምኒልክ ዘመን የብር ግማሽ የነበረ የብር ሳንቲም ነው፤ በአንድ በኩል ንጉሡ፣ በሌላው በኩል አንበሳው ተቀርጾበታል። ዛሬ ዳቦ አይገዛም። ለሚሰበስብ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ያስተማሯት ሙስካት ያሠሯት የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። አሮጌ ሳንቲም ሲያዩ ሶላታቸው ሊያልፋቸው የሚደርስ ሰው ነበሩ። እግራቸው ስለሚያማቸው ገበያ ሲወጡ ራዚያን ቦርሳ አሸክመው ያስከትላሉ። እሷም ቦርሳውን ብቻ ተሸክማ አልቀረችም፤ ዕውቀቱንም አብራ ተሸከመች። የፈለግሽውን ሳንቲም ቀድመሽ አትንኪ። ሦስት ሱቅ ሳትጠይቂ አትግዢ። ከሁሉም በላይ ጥቁረቱን አትንኪበት፣ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው ይሏት ነበር።

የመጀመሪያውን ያገኘችው ለቱሪስት በሚያብለጨልጩ አዳዲስ ማርትሬዛዎች መሀል ነው። ሻጩ በላዩ ያለውን ፊደል ማንበብ አልቻለም፤ እሷ ግን «የብር አላድ» የሚለውን ስታነብ ልቧ ዘለለ። ፊቷ ላይ ምንም ሳታሳይ መጀመሪያ የሙስበሃ፣ የመቁጠሪያ፣ ዋጋ ጠየቀች። ከዚያ የቀለበት። ከዚያ እንደ ቀልድ «ይሄ ጥቁሩስ?» አለች። በደህና ዋጋ ተስማሙ፤ ሰውየውም አልተበደለ፣ እሷም አልተዘረፈች። የአሠሪዋ ቤተሰብ ለክረምት ሰላላ ወደተባለች ከተማ ሲወርድ ሁለት፣ ሻርጃ ለሠርግ ሲሄድ አንድ፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ዘጠኝ አደረሰቻቸው። ሌላዋ ለወርቅ የምትሰጠውን እሷ ለአላድ ሰጠች።

ይህ ሁሉ ስለ ሂንድ ነው። ሂንድን ጥላት ስትሄድ ገና ዳዴ ትል ነበር። አባቷ ጅቡቲ ገብቶ ቀልጧል። ልጅቱ አያቷን «እማ» ትላለች፤ የወለደቻትን እናቷን ደግሞ በስልክ «ራዚያ» እያለች በስሟ ትጠራታለች። የለውጡ ሰሞን አገሩ ሁሉ ተስፋ ሲያወራ ራዚያም አመነች። እነዚህን ሸጬ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ከልጄ ጋር አድራለሁ፣ ሁለተኛ የሰው ቤት አልጠርግም አለችና፣ ከዓመታት በኋላ ዘጠኙ ሲሞላ መጣች። ደሴ ያለው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አብዱልሃሚድ አላዶቹን አይቶ፣ «እንዲህ ያልተነካ አይቼ አላውቅም! በዚህ የጨርቅ ሱቅ ከነዕቃው ይወጣልሻል። ገዢዬ ጥቅምት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እስከዚያ ቤትሽ ደብቂው» አላት።

ጥቅምት ሳያልቅ ቀድሞ የመጣው ግን ገዢው ሳይሆን ጦርነቱ ነው። ውጫሌን አልፎ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ሕዝቡ በእግርም በባጃጅም ወደ ደሴ ጎረፈ። ራዚያ ሂንድን ይዛ ልትወጣ ስትል መስኡዳ «እኔ ቤቴን ጥዬ የትም!» ብለው እምቢ አሉ። መንገዱ በፈታሽና በዘራፊ ተሞልቷል ስለተባለ አላዶቹንም ለእሳቸው ሰጠቻቸው። «እማ፣ አደራሽን፣ ማንም እንዳያይብሽ» አለቻቸው። ሌላውን ነገር አልነገረቻቸውም። ምን ታድርግ? በዚያ ሰዓት ስለ ጥቁረትና ስለ ዕድሜ ማን ትዝ ይለዋል?

ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ የቤቱ በር ተገንጥሏል። ፍሪጁ የለም፣ ፍየሎቹ የሉም፣ የሂንድ ደብተሮች እንኳ ለማገዶ ሄደዋል። መስኡዳ ግን አሉ፤ ከስተው፣ ግን በሕይወት። ተቃቅፈው ተላቀሱ።

«አብሽሪ ልጄ!» አሉ መስኡዳ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሁሉን ቢወስዱ አደራሽን አላገኙትም።»

ከጉያቸው ነጭ ጨርቅ አወጡና ፈቱት። ዘጠኙም አላዶች ቦግ አሉ። ትናንት የተሠሩ ይመስላሉ። ራዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ውሻው የሚተኛበት ቀበርኩት» አሉ መስኡዳ፤ ደስታዋ መስሏቸው ድምፃቸው ሞቅ ብሏል። «ከውሻ ሥር ማን ይቆፍራል ብዬ። ለካስ እሱ ራሱ ቆፍሮ አውጥቶ፣ ጨርቁን አኝኮ፣ አንድ በአንድ ሲልስልሽ ደረስኩ! አዑዙ ቢላህ! ውሻ በላሰው ገንዘብ ምን በረካ ይገኛል? እንደ ሸሪዓው ደንብ ሰባት ጊዜ አጠብኩልሽ፤ አንዱን በአፈር። የአንበሳው ጎፈር ውስጥ ያለው እድፍ ግን እምቢ አለኝ። ቧንቧው ደርቋል፤ ሐይቁ ዳር ወርጄ በአሸዋ ፈተግኩት። ጥይቱ በላዬ ሲያፏጭ ዱዓ እያደረግሁ!»

ራዚያ አንዱን አነሳች። ጎፈሩ የለም። የንጉሡ ፊት በሽቦ እንደተፈተገ ድስት ተጭሯል። ልትጮህ አለችና የእናቷን ጣቶች አየች፤ ጫፋቸው ተልጦ ገና አልዳነም።

«አላህ ይስጥሽ እማ» አለች።

በሳምንቱ ደሴ ወጣች። አብዱልሃሚድ ከዘረፋ በተረፈች ጠረጴዛው ላይ አላዶቹን ደረደረና በአጉሊ መነጽር አያቸው።

«ማነው እንዲህ የጨከነባቸው?»

«እናቴ ናት። ውሻ ልሷቸው ነው።»

ሰውየው ሙስሊም ነውና ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። «ላኢላሃ ኢለላህ!» ብሎ አንገቱን ደፋ። «ምን ልበልሽ እህቴ? አሁን ብር ብቻ ናቸው። በሚዛን ከመግዛት ሌላ ምንም አልችልም። ሄደውም የሚቀልጡት አምባር ሠሪ ዘንድ ነው።»

«ሌላ ቦታ ብሞክርስ?»

«ሞክሪ። ከዚህ የበለጠ የሚሰጥሽ ካለ ግን እያታለለሽ ነው።»

እውነቱን ነው። ሦስት ሱቅ ጠየቀች፣ ሦስቱም ያንኑ አሉ። መልሳ ለእሱ ሸጠችለት። ያገኘችው በሩን ለማሠራትና ለጉዞ ወረቀቷ ይበቃል፤ ለሱቅ ቁልፍ እንኳ አይሆንም። በሚኒባሱ ወንበር ጥግ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እስከ ሐይቅ አለቀሰች። እናቷን ጠላች፤ በጠላቻቸው ቅጽበት ደግሞ ራሷን ጠላች። «አይታጠብም» የምትል አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ሌላ ማንን ትክሰስ?

መስኡዳ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አገኘቻቸው።

«እህ? ተሸጠ?»

«ተሸጠ።»

«በደህና ዋጋ?»

ራዚያ ፊታቸውን አየች። በእነዚያ ጣቶች ላይ እውነቱን መጣል አልቻለችም።

«በጣም ደህና» አለች። «እንዲያውም ሌላ አምጪ ብሎኛል። ስለዚህ… ተመልሼ እሄዳለሁ። ለሁለት ዓመት ብቻ።»

ሂንድ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ አለችና «እማ፣ ራዚያ ልትሄድ ነው?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችው አያቷን ነው።

«ለአንቺው ብላ ነው» አሏት መስኡዳ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስለጠራ ነው እኮ ዋጋ ያወጣው፤ ሲመጣ እንዴት ጥቁር እንደነበር ረሳሽው? ያገኘሽውን ሁሉ ግዢ። እንዳለ አምጪልኝና እኔ አጥብልሻለሁ፤ አሁንማ እጄ ለምዷል።»

«እሺ እማ» አለች ራዚያ።