ሱፐር ብቻ

አምቡላንስ ለሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ መሪ የሚባል ነገር ዳግመኛ አለመጨበጥ። እሷም የተመኘችው ይህንኑ ነበር። ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል፤ ወገቧ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግራታል፤ እንቅልፏም በተረኝነት ዘመን ተሰባብሮ እንደቀረ ነው። በስልሳ አንድ ዓመቷ ቁልፉን ለአለቃዋ አስረክባ ቤቷ ስትገባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረች።

ሁለት ወር ሳይሞላ ታናሽ ወንድሟ ደወለ።

"እትዬ፣ ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እተኛለሁ።"

"ከተኛሽ በኋላስ?"

"ደግሜ እተኛለሁ።"

ሳቀ። ወንድሟ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰም፣ በጄሶና በሸክላ ላይ አጎንብሶ ለሰው ፈገግታ ሲያበጅ፣ የራሱ ምኞት አንድ ስፖርት መኪና ነበር። በሃምሳ ዓመቱ ተሳካለት። ያረጀ ቢሆንም ቱርቦ ያለው፣ ሁለት በር፣ መሬት ልሶ የሚሄድ ቀይ መኪና ገዛ። ሁለት ዓመት ነዳው። ከዚያ የዓይኑ ግፊት እይታውን ከዳር ወደ መሃል እየበላ መጣና፣ አሁን የሚለየው ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው። ሥራውን ተወ። መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ።

"መኪና ቆሞ ሲውል ይታመማል" አላት። "ቅዳሜ ቅዳሜ አውጪው። እኔም ከጎንሽ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ እንደሆነ ቅዳሜን ሱቅ ነው የምትውለው፤ ብቻዬን ነኝ።"

ለዓይነ ስውር ወንድም እምቢ የሚባልበትን ቋንቋ ማን ያውቃል? እሺ አለች። ጭራሽ ኩራቷ አላስችል ብሏት "ነዳጁ በእኔ ነው" ብላ ጨመረች።

"አንድ አደራ ብቻ፤ ሱፐር እንጂ ተራ ቤንዚን እንዳታስቀጂበት።"

ሱፐር የሚሸጠው አንድ ማደያ ብቻ ነበር፤ እሱም ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ አጠገብ። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ አይጣል ነው። መቀመጫው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ስትገባበት ጉድጓድ የወረደች፣ ስትወጣም ከጉድጓድ የተጎተተች ይመስላታል። ፍሪሲዮኑ ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ ነው። እሷ ቀድማ ወንድሟ ቤት ትደርሳለች፣ ቁልፉን ተቀብላ ብቻዋን ነዳጅ ልትሞላ ትሄዳለች፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ትመለሳለች፣ ከዚያ ሁለቱ ወደ ቀለበት መንገዱ ይወጣሉ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አደረገች። የሱፐሩ ዋጋም በጡረታ ደሞዝ ላይ እንደ ጅራፍ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ወገቧ ያዛት። ገና ከወንድሟ ሰፈር ሳትወጣ፣ ከመንገዱ ዳር ያለችው ትንሽ ማደያ ጋ ስትደርስ እጇ ራሱ መሪውን አዞረ።

"እማማ፣ ምን ልሙላ?" አለች ቀጂዋ።

እማማ መባሉ ትንሽ ቆጠቆጣት። "ሱፐር አላችሁ?"

"የለንም። ግን ምን ልዩነት አለው ብለው ነው? ሁሉም ከአንድ ቦቴ ነው የሚራገፈው። ሱፐር የሚሉት ስሙን ነው፤ የሀብታም ውሃ!"

እውነትም ይሆናል፣ አለች በልቧ። አምቡላንሱ ስንት ዓመት የሰጡትን ጠጥቶ ስንቱን ነፍስ አድርሷል። "እንግዲያው ሙይው" አለች።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። በአሥር ደቂቃ ብትመለስ ወንድሟ ይነቃባታል። ስለዚህ መኪናውን ከማደያው ጀርባ ግድግዳ ጥላ ሥር አቆመችና መቀመጫውን ወደ ኋላ ለቃ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ሰዓት ገደማ ተኛች። ከጡረታ ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

"ሰልፉ እንዴት ነበር?" አላት ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ።

"እንደ ሁልጊዜው ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ደክሞሽ እንደምትሄጂ አውቃለሁ።"

ምስጋናው እንደ እሾህ ተሰካባት። ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች፣ ያውም ማየት ለማይችል ሰው። ግን የሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ያው ማደያ፣ ያው ጥላ፣ ያው እንቅልፍ ሆነ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ግን እያደር ይከብድ ነበር፤ ከብዶም አላስጣላትም። ሰው ሲደክመው የሚሸከመውን አይመርጥም።

ተራ ቤንዚን በሞላች በሦስተኛው ሳምንት፣ የውኃ ታንከሩ ጋ ያለውን ዳገት ሲወጡ አንድ ድምፅ ሰማች። ደረቅ ባቄላ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሮ እንደሚያንቃጭል ሰው ያለ፣ ቀጭን። ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። ወንድሟ እጁን ዘርግቶ እየዳበሰ መልሶ ዝቅ አደረገው። እስከ ዳገቱ ጫፍ ፊቱን ወደ ሞተሩ ቀና አድርጎ ነበር የተቀመጠው።

ከዚያ የበጋው ሙቀት ገባ። ተራ መሙላት በጀመረች በሰባተኛው ሳምንት አስፋልቱ ተረከዝ ይይዛል። ከቀለበት መንገዱ ወጥተው ወደ ዳገቱ ሲታጠፉ ወንድሟ "እስቲ ዛሬ ትንሽ አስነሺው" አላት። ነዳጁን ረገጠችው። ቱርቦው አፏጨ፣ ጀርባቸው ከመቀመጫው ጋር ተጣበቀ፣ ወዲያው ባቄላው መዶሻ ሆነ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ! ጉልበቱ ከዳው፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተንቦለቦለ፤ ዳገቱ መሃል ላይ ተንቀጥቅጦ ጠፋ።

እሷ እንደለመደችው ሳትደናገጥ የእጅ ፍሬን ያዘች፣ ወርዳ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቱን ከኋላ ተከለች። ከዚያ ተመልሳ ገባችና መሪውን ጨበጠች።

"ዘይት ይሆናል" አለች በመጨረሻ።

"ይሆናል" አለ ወንድሟ።

ወንድሟ የደወለለት መካኒክ የሚጎትት መኪና ይዞ ደረሰላቸው። ይህ ሰው ለደንበኛም ለብሎንም "ቀስ በል" ስለሚል፣ ስሙ ቀስ በል ሆኖ ቀርቷል። ጋራዡ ጠባብ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ፣ ግን መፍቻዎቹ እንደ ወታደር በተርታ የተሰቀሉበት ነው። ለወንድሟ ወንበር ሰጠው፤ ለእሷ ደግሞ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ጋዜጣ አነጠፈላት። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈታ። ሦስተኛውን ወደ ብርሃን አውጥቶ ብዙ አየው። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ ብር ብናኝ ያለ ነገር ተረጭቶበታል።

"ምን ሲጠጣ ነው የከረመው?" አለ።

አፏን ከመክፈቷ በፊት ወንድሟ መለሰ። "ሱፐር ነዋ! ሌላ ምን ይጠጣል?"

መካኒኩ ካንዴላውን አየ፤ እሷን አየ፤ መልሶ ካንዴላውን አየ። ሙያው ከሰው ይልቅ ብረትን እንዲያምን አስተምሮታል። ቢሆንም ካንዴላውን አስቀምጦ ቀጣዩን አነሣ።

እሷ ግን ማለፍ አልቻለችም። "ተራ ነው" አለች። "ሰባት ሳምንት ሙሉ ተራ ነው ያስሞላሁት። ልዩነት የለውም አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አመንኩ። አምቡላንሱም ያገኘውን ነበር የሚጠጣው።"

"አምቡላንሱ ናፍጣ ነበር እትዬ" አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ። ነገሩን የተናገረው ለማሳፈር አልነበረም። "አይፍረዱ በራስዎ። እዚህ ከሚመጡት አሥር መኪኖች ለዘጠኙ ሱፐር ገንዘብ ወንዝ መጣል ነው። አንዳንዱ የታክሲ ሞተር ይዞ ሱፐር ካልጠጣ ይላል፤ ፍጥነትም አይጨምርለት፣ ዕድሜም አይጨምርለት። አዲሶቹ ስፖርት መኪኖች እንኳ ማንኳኳቱን የሚሰማ ጆሮ አላቸው፤ ተራ ከሰጧቸው ጉልበት ቀንሰው ራሳቸውን ያድናሉ። ይኼ ግን አሮጌ ነው፣ ጆሮ የለውም። ቱርቦው አየሩን አጭቆ ይሰጠዋል፤ ተራው ቤንዚን መታጨቁን አይችልም፤ ሰዓቱ ሳይደርስ ይፈነዳል። መዶሻ ሆኖ ፒስተኑን ይወግረዋል። ይኸው ፍርፋሪው።"

ከዚያ ሄዶ የነዳጁን መክደኛ ከፈተና ጣቱን አስቀመጠ። በውስጥ በኩል ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፀሐይ ያላገኘው ስለሆነ ጽሑፉ እንደ አዲስ ነው። "ሱፐር ብቻ" ይላል።

ቀጂዋ ስትከፍተውና ስትዘጋው እሷ ሰባት ጊዜ አይታለች። አንድም ቀን ግን ወርዳ አላነበበችውም።

መካኒኩ እጁን ሊታጠብ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"አውቅ ነበር" አለ ወንድሟ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ያ መንቃጨል ከጀመረ። እንዲያውም ከዚያ በፊት ጠርጥሬ ነበር። የጭነት መኪኖቹ ሜዳ ደርሶ የመጣ መኪና ሞተሩ እንደ ምድጃ ነው የሚግለው። አንቺ ስትመጪ ግን ኮፈኑን ስነካው ለብ ይላል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ? አሁንስ ለምን ዋሸህልኝ?"

"ከተናገርኩ ታፍሪና ትቀሪያለሽ ብዬ።" ጣቶቹን እርስ በርስ አቆላለፈ። "ግን እትዬ፣ ከፋኝ። አልዋሽሽም፣ ከፋኝ። ዓይን ያለው ሰው ቢዋሹት ዞሮ ያያል። እኔ የምይዘው የሰው ቃል ብቻ ነው።"

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እጇን ይዞ "እደርሳለሁ ወይ?" ሲላት መልስ አጥታ አታውቅም። አሁን ግን የጋዜጣውን ጠርዝ ትቀድድ ጀመር።

"ደክሞኝ ነው" አለች። "ገንዘቡም አለ፤ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሰባቱንም ቅዳሜ ከማደያው ጀርባ ተኝቼ ነው የመጣሁት።"

"ተኝተሽ?"

"ተኝቼ። መንዳት አስጠልቶኛል ወንድሜ። መሪ ሳይ ያቅለሸልሸኛል።"

ወንድሟ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ? እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው! ባለቤቴ 'እህትህ ቤት ዘግታ ተኝታ ነው የምትውለው፣ አንድ ነገር ልትሆን ነው' ስትለኝ፣ መንዳት የለመደች ሰው ናት፣ ብትነዳ ይሻላታል ብዬ ነው።"

"ላንተ ብዬ ነዋ! አንተ እኮ መኪናውን ..."

"እኔማ ማየት ካቆምኩ ጀምሮ መኪና ውስጥ ራሴ ይዞርብኛል። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ የማልቀምሰው ለምን መሰለሽ? የቀለበት መንገዱን አደባባይ ስትዞሪ ጥርሴን ነክሼ ነው።"

ሳቅ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ግን የሁለቱም ሳቅ ብዙ አልሄደም። ተነሥቶ በእጁ እየዳበሰ መኪናው ጋ ደረሰና መዳፉን ከፊት ጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ አሳረፈ። ሠላሳ ዓመት የተመኘው ነገር ነው፤ በሳቅ የሚሸኝ አልነበረም።

"ድምፁን ግን እወደው ነበር" አለ።

መካኒኩ ሲመለስ ሁለት መንገድ አቀረበላቸው። ወይ አዲስ ፒስተን ገብቶለት እንደ ዱሮው ሱፐር ይጠጣል፤ ወይ ፒስተኑ ተለውጦ የቱርቦው ግፊት ይቀነስና ተራ ቤንዚን ችሎ እንደ ማንኛውም መኪና ያዘግማል። ወንድሟ ትንሽም አላመነታም። "እንደ ዱሮው አድርገውና እንሸጠዋለን" አለ። "ሰው እንደ እኔ ሳይሆን በደንብ ይንዳው።"

የፒስተኑን ዋጋ እሷ ልክፈል ብላ ብትሟገትም አልሰማትም። ከሽያጩ ላይ ተነሣ።

የገዛው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ክንዱ ወፍራም፣ ቅንድቡ ዱቄት የያዘ። ወንድሟ ዋጋ ሲነጋገር፣ እሷ ሰውየውን ወደ ጎን ወሰደችና የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ የተራውን ቤንዚን፣ ዳገቱን፣ የተለወጠውን ፒስተን። መኪና ሻጭ እንዲህ ሲያወራ ሰምቶ ስለማያውቅ ዳቦ ጋጋሪው ተጠራጥሮ አያት።

"ግን ለመሆኑ ሱፐሩ ያን ያህል ያዋጣል?" አለ።

"ለእኔ አላዋጣም" አለች። "ለሞተሩ ግን ግዴታ ነው። መግዛትህ ካልቀረ መክደኛው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ማደያው ሩቅ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው፤ የሚደክምህ ከሆነ ሌላ መኪና ግዛ።"

ገዛው። ከግቢው ሲወጣ ወንድሟ ድምፁ እስኪርቅ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ገባ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣች። መምጣት ግዴታዋ አልነበረም፤ ማንም አልጠራትም። ቁልፍ የለ፣ ነዳጅ የለ፣ ሁለቱም ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ጠረጴዛው ዳር ተቀመጡ። ሻይ ቀዳችለት፤ ብርጭቆውን እጁ ጋ አደረሰችለት።

"እትዬ" አለ አንድ ሁለት ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ። "እዚያ መሳቢያ ውስጥ ፖስታዎች አሉ። ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ ለማንም አላስነበብኳቸውም። ባለቤቴ ሲመሽ ደክሟት ነው የምትገባው፤ እሷን ማስቸገር አልወደድኩም።"

መሳቢያውን ስትከፍተው ሞልቶ ነበር። መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች። የመጀመሪያው የውኃ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ ሐሙስ ቀን ውኃ እንደሚቋረጥ ይገልጻል።

"ይኼን ልጣለው?"

"የለም፣ አንብቢው" አለ። "የተጻፈውን እንዳለ።"

ከቀኑና ከቁጥሩ ጀምራ አንብባ ጨረሰችለት። ከዚያ ቀጣዩን ፖስታ ቀደደች።