የሊቀመንበሩ አፍ

ወታደሮቹ ሬዲዮ ጣቢያውን በያዙ ጠዋት አምስት መኮንኖች ስቱዲዮው ውስጥ ገቡ። ፊት ፊት የመጣው ረጅሙ ኮሎኔል ለዜና አንባቢዋ እጅ ነሥቶ ወረቀት ሰጣት። የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከሁሉም ኋላ የገባው አጭር ሻምበል ግን ወንበር ስቦ ቦርሳዋ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠና የክብሪት እንጨት እያኘከ ያያት ጀመር።

አነበበች። አሮጌው መንግሥት መውረዱን፣ መሬት ላራሹ እንደሚሆን፣ አገሪቱን ጊዜያዊ ኮሚቴ እንደሚመራ ተናገረች። የስርጭቱ ቀይ መብራት ሲጠፋ ኮሎኔሉ አመሰገናት። ሻምበሉ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣

«‹ጊዜያዊ› የሚለው ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ዝቅ አለ። ለምንድን ነው?» አላት።

«ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።»

«ግድ የለም። ቃሉ ብዙ አይቆይም።»

ይህን ለባሏ ስታጫውተው ሳቀባት። ባሏ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ የዚያን ሰሞን ደስታ ከመሬት አንሥቶት ነበር። «አንድ ሻምበል ምን ያመጣል? አንቺ ደግሞ ነገር መሰንጠቅ ትወጃለሽ» አላት።

እሷ ግን በየቀኑ የሚሰጧትን ወረቀት ስታነብ የስሞቹን ቅደም ተከተል ልብ ትል ጀመር። ሻምበሉ መጀመሪያ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ መሃል ወጣ። የሽማግሌው ጄኔራል ስም «በጤና ምክንያት» ቀረ። ኮሎኔሉ ደግሞ «አብዮቱን ሊቀለብስ ሲል ተደመሰሰ»፤ ያንንም ያነበበችው እሷው ናት። ሌላ መግለጫ መጣ፤ ከኮሚቴው ስም ላይ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል የለም። ከዚያ ወዲያ ሻምበሉ «ጓድ ሊቀመንበር» ሆነ፤ ከስሙ በፊትም ከስሙ በኋላም ሌላ ስም አልነበረም።

አገሩ ባንድ ጊዜ ተገለባበጠ። አቶና ወይዘሮ ቀሩ፤ ሁሉም ጓድ ሆነ። ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንቶች ደብተር ይዘው ማታ ትምህርት ይገቡ ጀመር። መሬት በእውነት ተከፋፈለ፤ ያን ዕለት መምህሩ ሬዲዮኑን አቅፎ አለቀሰ። ሳሙናና ስኳር ደግሞ በሰልፍ ሆነ። በየሰፈሩ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የእነሱ ሰፈር ሰብሳቢ የሆነው ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ስንት ዓመት የየቤቱን ቧንቧ ሲጠግን ኖሯልና የማን ጓዳ በየት በኩል እንደሚከፈት ከባለቤቱ ይልቅ እሱ ያውቃል።

የትርፍ ቤቱ አዋጅ ሲወጣ ወረቀቱ ታሽጎ መጣ። አንድ ወታደር ስልኩ አጠገብ ቆሞ፣ እስክታነብ ድረስ ማንም እንዳይደውል ጠበቀ። ከተወረሱት ቤቶች መካከል የአማቷ ሁለት የኪራይ ቤቶች ነበሩ። ቤት ስትገባ አማቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ልጄ፣ ጠዋት ስትወጪ ታውቂ ነበር?»

«ሞቼ ልገኝ፣ አላውቅም ነበር፣ እማማ። ወረቀቱን ያየሁት እዚያው ነው።»

«ድምፅሽ ግን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር» አሉና ወደ መኝታቸው ገቡ።

ሰፈሩም እንደ አማቷ ነበር ያሰበው። የሊቀመንበሩ አፍ የሚል ስም አወጡላት። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፤ አንዷ ስለ ዝናብ፣ ሌላዋ ስለ ልጇ ጉንፋን ታነሣለች። ሥራ ቦታም፣ ቀልድ የማያልቅበት ቴክኒሻን ከእሷ ጋር በስቱዲዮው መስተዋት በኩል ብቻ መነጋገር ጀመረ።

መምህሩም ተለወጠ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሰውዬው አብዮቱን ቀማን ማለት ጀመረ። ይህንንም የምታውቀው በበር ቀዳዳ ነው፤ እሷ ስትገባ ጨዋታው ወደ እግር ኳስ ይዞራል። በገዛ ሳሎኗ ሻይ አቅርባ ስትወጣ፣ በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ይዘጋል።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ቢሮው አስጠራት። ክብሪት ማኘኩን ትቷል።

«ቤት ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዳ ይበዛል አሉ።»

«ባሌ አስተማሪ ነው። ተማሪዎች ይመጣሉ።»

«ተማሪዎቹ ጢም አላቸው?» አለና ሳቀ። «ሕዝቡ አንቺ ያልሽውን ያምናል። እኔም እንደዚሁ።»

ከዚያ ቢሮ ወጥታ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። እቤት እንደደረሰች ባሏን ጓዳ አስገብታ፣ «ዛሬውኑ ገጠር አጎቴ ጋ ሂድ። ያውቃሉ» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ለአንቺ ይህን የሚነግርሽ ለምንድን ነው? የምሸሽበትን እንድታውቂለት ካልሆነ በቀር?»

«እኔን ነው እንዲህ የምትለው?»

እሱ ኮቱን አነሣ። ለእናቱ በጆሯቸው አንድ ነገር ነግሯቸው ወጣ። አጎቷ ጋ አልሄደም፤ የሂሳብ መምህር የሆነ ጓደኛው ቤት ተደበቀ። ሳምንት ሳይሞላው ከዚያው ቤት ይዘውት ሄዱ። ጓደኛውን አልነኩትም።

«የት እንደሚሄድ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው» አሉ አማቷ። «አንቺ ደግሞ በር ላይ ነበርሽ።»

«አልሰማሁም፣ እማማ።»

«ማን ያምንሻል?»

ብዙም ሳይቆይ አንድ መግለጫ ደረሳት። የተያዙት መምህራን የሕዝብ ጠላት መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ሕዝቡም በአደባባይ እንዲፈርድባቸው የሚጠይቅ ነው። የባሏ ስም ከላይ ሁለተኛው ላይ ሰፍሯል። «እሷው ታንብበው ተብሏል» አለ ያመጣው ወታደር። ቀዩ መብራት በራ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግማ ሞከረች፤ የተቀደደ ጨርቅ የመሰለ ሹክሹክታ ወጣ። ቴክኒሻኑ ፈጥኖ የሰልፍ ሙዚቃ ለቀቀ።

ሐኪም ጉሮሮዋን በመብራት አየና ትከሻውን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ በአካል መጣ። ፊቷ ቆሞ «ስምሽን ንገሪኝ» አላት። በሹክሹክታ ነገረችው። ሳታስበው ከኋላዋ ዞሮ በሩን በኃይል ደረገመው፤ ደነገጠች እንጂ ድምፅ አላወጣችም። «ጊዜ ያሳየናል» ብሎ ሄደ። እሷን ምድር ቤት፣ ያረጁ ቴፖች ወደሚቀመጡበት ክፍል አወረዷት። መግለጫውን ሌላ ሰው አነበበው። መምህሩ ከሞት ተርፎ እስር ቤት ገባ።

ታማ ነው ያለ ሰው ግን አልነበረም። ቧንቧ ሠራተኛው ለቧንቧቸው ፍቅር ያለው ይመስል በሳምንት ሁለቴ ብቅ ይላል። አማቷም ያደፍጡባት ነበር፤ በር ሥር ይቆማሉ፣ ሳይታሰቡ ይገባሉ። አታላይ ናት፣ ለባሏም ለመንግሥትም ያልሆነች ይሏታል በልባቸው።

አንድ ቀን አማቷ ለስኳር ሰልፍ ወጥተው፣ መያዣ ረስተው ተመለሱ። ጓዳው በር ላይ ሲደርሱ ያንን የሬዲዮ ድምፅ፣ ሙሉውን፣ ሰሙት። እስር ቤት የሚላክ ሸሚዝ እየተኮሰች ከሸሚዙ ጋር ትጣላለች።

«አጎቴ ጋ ሂድ አላልኩህም? አልጋ አንጥፎ ጠበቀህ እኮ። እኔ ልሸጥህ? ያ ጓደኛህ ነው የሸጠህ። እሱን አምነህ እኔን ሳታምን። አሁን ማንን ብዬ ልናገር?»

ካውያውን አስቀምጣ ስታለቅስ ሰሙ። አማቷ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወደ ውጭ ወጡ። ትንሽ ቆይተው የግቢውን በር አንኳኩተውና አስለው ገቡ።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። «እማማ፣ ጎረቤት ከዚህ ቤት የሴት ድምፅ ሰማሁ ብሏል። ምራትዎ ትናገራለች እንዴ?»

ምራትየው ሰሃን ይዛ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«የሰማው እኔን ነው» አሉ አማቷ። «ከልጄ ሸሚዝ ጋር እጣላለሁ። ከሸሚዝ ጋር መጣላትም ተከለከለ?»

«ድምፁ የወጣት ነው አሉ።»

«ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬ ሲገፋ ድምፄ ወጣትነት ላይ ቀረ። ከፈለግህ ቁጭ በልና ስጣላ ስማኝ።»

ሰውየው አንዴ አማቲቱን፣ አንዴ ምራቲቱን አየ። ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋና ሄደ። ሁለቱ ሴቶች እስኪርቅ ድረስ አልተያዩም። ከዚያ አማቷ መጥተው ሰሃኑን ከእጇ ተቀበሏት። «ካሁን በኋላ ስትተኩሺ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጊው» አሏት።

መምህሩ ዓመታት አልፈው፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ተፈታ። ሊቀመንበሩ ያኔም ወንበሩ ላይ ነበር፤ የሂሳብ መምህሩ ደግሞ ምክትል ሚኒስትር። ባሏ ይህን የሰማው እስር ቤቱ በር ላይ ነው። መንገዱን ሙሉ ማን እንደሸጠው ሲያሰላ መጣ። እናቱን ስሞ ሚስቱ ፊት ቆመ።

«እኔ አንቺን...» ብሎ ጀመረና አቃተው። «እውነት ድምፅሽ ጠፋ?»

በሹክሹክታ «እህል ቅመስ» አለችው። ማታውንም፣ በነጋታውም፣ ቀጥሎ ባሉት ሳምንታትም ሹክ እያለች ኖረች። እናቱን ቢጠይቃቸው «ሚስትህ ናት፤ እሷን ጠይቅ» አሉት። አንዳንዴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ቆሞ ያያታል፤ እሷም እንደሚያያት ታውቃለች፤ ምን እያሰበ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለችም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ዝናብ ጣለ። ድንች እየላጠች ሳለ አጠገቧ መጥቶ ቁጭ አለ፤ ቢላ አንሥቶ አብሯት ይልጥ ጀመር።

«በሩን ዝጋው» አለችው፣ በሙሉ ድምፅዋ።

እጁ ላይ ያለው ድንች ወደቀ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፣ ቁልፉንም አዞረ፤ ከዚያ መጥቶ ተቀመጠ፤ እሷም ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው።