ፍየሎቿስ የት ገቡ?

ልዕልቷ ገና በካርቱን ፊልሙ መጀመሪያ በእርግማን እግሯ ድንጋይ ይሆናል። ታዲያ ቁጭ ብላ አታለቅስም፤ ሁለት ፍየሎች በሚጎትቱት ወንበር አገሩን ታምሰዋለች፤ አንበሳ ትሰድባለች፣ ሌባ ታሯሩጣለች። በአማርኛ ድምፅ የምትሰጣት ተዋናይት ሥራውን ስትቀበል በልቧ ያለችው የእህቷ ልጅ ነበረች። የስምንት ዓመቷ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አትራመድም፤ ተሽከርካሪ ወንበሯን ግን ቤት ውስጥ እንደ ታክሲ ነጂ ነው የምታበረው። የአያቷ የእግር ጣቶች ምስክር ናቸው።

በመጨረሻው የቀረጻ ቀን ተዋናይቷ ልጅቷን ወደ ስቱዲዮ ይዛት መጣች። ከመቅጃ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ዳይሬክተር ተቀምጧል፤ አጠገቡ ደግሞ ለፊልሙ አማካሪ ተብሎ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ዶክተር። ልጅቷም እነሱ ጋ ሆነች።

«ይህቺ ልዕልት የምትወክለው አንቺን ነው፤» አላት ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ። «ድንጋዩ ኅብረተሰቡ በአካል ጉዳተኛ ላይ የሚጭነው ሸክም ነው። ድምፅ ያጣችውም፣ መቶ ዓመት የተኛችውም፣ የተረት ልዕልት ሁሉ በዚህ ዓይን ስትታይ...»

«እኔ ሸክም የለብኝም፤» አለች ልጅቷ። «ቦርሳዬን አክስቴ ይዛልኛለች።»

«ዶክተር፣ ልክ ልክህን ነገረችህ!» ብሎ ጋሼ ሳቀ።

ከዚያ የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። የልዑሉ እንባ ድንጋዩ ላይ ጠብ ይላል፣ ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ልዕልቷ ብድግ ብላ ትጨፍራለች። «ቆምኩ! እዩኝ፣ ቆምኩ!» አለች ተዋናይቷ። ጋሼ አውራ ጣቱን አነሳላት። እሷ ግን የምታየው ልጅቷን ነበር፤ ልጅቷ የሹራቧን ኮሌታ ታኝካለች።

«ምነው የኔ ቆንጆ፣ አላማረሽም?»

«ፍየሎቿስ የት ገቡ?»

ይህን እስከዛሬ የጠየቀ አልነበረም፤ ዶክተሩም ጭምር።

«እ... ግጦሽ ሄደው ይሆናላ፤» አለ ጋሼ።

«የዳነችው ደግ ስለሆነች ነው?»

«አዎ፤» አለ ዶክተሩ ፈጠን ብሎ።

«እኔስ ምን አጥፍቼ ነው?»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

«ምንም አላጠፋሽም፣ እናቴ፤» አለቻት አክስቷ። ግን ልጅቷ አንድ ፊልም ከወደደች ግድግዳው እስኪሸመድደው ድረስ ነው የምታየው። ባየችው ቁጥር ተቃራኒውን የሚነግራት ደግሞ የገዛ አክስቷ ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ መጨረሻዋን አንዴ ልድገማት።»

«አምራለች እኮ!»

«አንዴ ብቻ።»

ፊልም ላይ ድምፅ የሚያስገቡ ሰዎች የሚያውቋት ዘዴ አለች፦ ገጸ ባሕርይው ጀርባውን ከሰጠ አፉ አይታይም፤ ያሻህን ብትናገርለት ከንፈሩ አያሳጣህም። ልዕልቷ ከጭፈራው በኋላ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ በሙዚቃ ብቻ ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ትሄዳለች። ተዋናይቷ እዚያች ላይ ገባችበት፦

«ልዑል ሆይ፣ እንባህን ጥረግ። ድንጋዩ ሲይዘኝ ጥፋት አልነበረብኝም፤ ሲለቀኝም ሽልማት አይደለም። በሉ ፍየሎቼን አምጡልኝ፤ በወንበሬ ነው የምሄደው።»

ጋሼ ቀረጻውን አስቆመ። «ይሄ የት ተጽፎ ነው?»

«የትም።»

«የፊልሙ ባለቤቶች ሲሰሙስ?»

«ጀርባዋን ሰጥታለች እኮ። ማን ያያታል?»

«በእርግጥ ከትረካው መዋቅር አንጻር...» አለ ዶክተሩ።

«ዶክተር፣ በፈጠረህ!»

«ካልሆነ፣ ጋሼ፤» አለች ተዋናይቷ፤ «ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌላ ድምፅ ፈልግላት። እኔ ያንን መጨረሻ ይዤ ቤት አልገባም።»

አልቀለደችም። በሩ ላይ ቦታዋን የሚመኙ ሞልተው ነበር፤ ጋሼም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ጋሼ ወደ ልጅቷ ዞረ። ወንበሯን አስጠግታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች፤ ትንፋሿ መስታወቱን ጉም አልብሶታል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መለሰ።

«እንደገና እንቀዳለን፤» አለ እየተነጫነጨ። «ደግሞ ‹ፍየሎቼን አምጡልኝ› ስትይ አትለማመጪ። የራሷ ፍየሎች ናቸው እኮ!»