በሀርድ ዲስኩ ላይ የረጋው ሞራ

ባሌ ሀይሉ ላፕቶፔን አምጥቶ አልጋው ላይ ሲወረውረው መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። ሞራ ሞራ ይላል። ቀኑ የሁዳዴ መግቢያ ሰኞ ነው። ሆዴ ባዶ፣ አፌ ደርቆ፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንጣጣው፣ እሱ ከሥጋ ቤት የወጣ ኮምፒውተር ይዞልኝ መጣ። ክዳኑ በጣት ቅባት ወዝቷል። በፊደሎቹ መሐል አዋዜ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማብሪያውን ስጫነው ከውስጡ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በጥቁሩ ገጽ ላይ ዲስክ አላገኘሁም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ።

«አልነሳ ብሏል፤ እስቲ እይው» አለኝና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጋደም አለ።

እንዴት እንደተበላሸ የነገረኝ ራሱ ነው፣ ያውም እየሳቀ። ሀይሉ በወረዳው አንድ ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ነው። በቅበላው ሰሞን «ለሥራ ነው» ብሎ ወስዶት፣ ከጓደኞቹ ጋር ሥጋ ቤት ቁጭ ብለው ቁርጥ እየበሉ ፊልም ሲያዩበት ሰንብተዋል። እሑድ ማታ ሸክላ ጥብስ አዘዙ። ጠረጴዛው በጠርሙስ ስለተጣበበ ክዳኑን ዘጉና ሸክላውን ከነፍሙ ላፕቶፑ ላይ አስቀመጡት። እኔ እንኳን ሸክላ ልጭንበት፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ላይ አላኖረውም ነበር። እነሱ ግን የሚንቸሰቸስ ጥብስ ጫኑበት፤ ከታች ሲግል ከላይ ሞራው ሲፈስበት፣ ቅበላ ተብሎ ተበላ።

ላፕቶፑን የገዛልኝ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ዮናስ ነው። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት ክረምት ስማር የቀወት ቆላ ማሾ ላይ ጥናት ሠርቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከማሳ ማሳ ስዞር፣ ቅጠል ስቆጥር፣ ፍሬ ስመዝን የሰበሰብኩት ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሄጄ የማቀርበው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ካላቀረብኩ የሦስት ዓመት ልፋቴ ውኃ በላው ማለት ነው። «ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽም?» ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ፍላሽ ላይ አስቀምጬ ነበር። ፍላሹን ሀይሉ የአምስት ዓመቱን ዕቅድ ሊጭንበት ወሰደና ያለውን ሁሉ አጥፍቶ መለሰልኝ።

ሳለቅስ አየኝ። «እሺ፣ ግለ ሂስ አድርጌያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ልሁን?» አለኝ። በእነሱ መሥሪያ ቤት የበላ ሁሉ ግለ ሂስ አድርጎ፣ ተጨብጭቦለት ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ቤቱንም እንደዚያ መስሎታል።

በማግስቱ ወደ ታምራት ወሰድኩት፤ በከተማው ኮምፒውተር የሚጠግን እሱ ነው። ከፍሙ ዙሪያ ከነበሩት አንዱ እሱ መሆኑን ያወቅሁት ግን እዚያ ቆሜ ነው። «አይ ይቺ ነገር፣ ሸክላው ከበዳት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ጉንጩ ጫት ሞልቷል። ላፕቶፑን ሲገለብጠው ከሥሩ ትንሽ በረሮ ወጣች፤ በአውራ ጣቱ ጨፈለቃትና ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። በዚያው ጣት ካቻቢቴውን ሊያነሳ ሲል ዕቃዬን ከእጁ ወሰድኩ።

«ተይው እንጂ፣ አሳድረሽው ሂጂ» አለኝ።

«ይቅርብኝ» አልኩት። ከእጅ አይሻል ዶማ። እንዲያውም እጄ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ይታጠባል።

ለዮናስ ደወልኩለት። «ሀርድ ዲስኩ ነው የሞተው፣ መቀየር ደግሞ ራስሽ ትችያለሽ» አለኝ። «አዲሱን በሚኒባስ እልክልሻለሁ። አሮጌውን ከውጭ በገመድ የምታገናኚበት ማቀፊያም አብሮ አለ። ያለበትን ለማውጣት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። በላስቲክ ጠቅልለሽ በረዶ ማድረጊያ ውስጥ ክተቺው። አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ይዘራል። ከዚያ በፊት ለማስነሳት እንዳትሞክሪ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሰለኝ፤ ግን ሌላ ምን አለኝ? ከሰዓት ሠሪ ቤት ቀጭን ካቻቢቴ ገዝቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነጠላ አነጠፍኩና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። የሆዱን ክዳን ሳነሳው ጾሜን የማፈርስ መስሎኝ አፌን ያዝኩ። ሞራው በስንጥቁ ሁሉ ሰርጎ ገብቶ፣ ውስጥ ሲደርስ ረግቷል። ማራገቢያው ላይ የሥጋ ክር ተጠምጥሟል። ጥቃቅን ጉንዳኖች መንገድ አበጅተው ይመላለሳሉ። ሀርድ ዲስኩ ከመዳፍ የማይበልጥ ቆርቆሮ ለበስ ዕቃ ነው፤ እሱም ላይ ቢጫ ሞራ ተጋግሯል። በጥፍሬ ስፍቀው ጥፍሬ ሥር ገባ። ከፋርማሲ ባመጣሁት አልኮል እየጠረግሁ፣ ሴት ከገዛ ባሏ አፍ የተረፈውን በሁዳዴ ስትፍቅ ትዋል እንዴ እያልኩ ተራገምኩ። ሀይሉ በበኩሉ ጓዳ ሆኖ የሽሮው ዘይት በዛ ብሎ ያጉረመርማል። ጾመኛ ነው።

አሁን የቀረው በረዶ ማድረጊያ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ለሁዳዴ ተዘግተዋል፤ ማቀዝቀዣዎቻቸውን አጥፍተው በራቸውን ቆልፈዋል። በእኛ ሠፈር በጾም የሚሠራ በረዶ ማድረጊያ ያላቸው እትዬ ሙሀባ ብቻ ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ በረዶና የፓፓያ ጁስ ይሸጣሉ። ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ሄድኩ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉኝ።

«የኮምፒውተር ዕቃ ነው እትዬ። ካልቀዘቀዘ አይነሳም። እባክዎ በረዶው ውስጥ ያሳድሩልኝ።»

ተቀብለው አሸተቱት። «ሥጋ ሥጋ ይላል።»

መዋሸት ቀላል ነበር። ሆኖም ሳምንቱን ሙሉ ውሸት ስሰማ ከርሜ እኔም አንድ ልጨምር አልፈለግሁም። «የእኛ ሥጋ ፈሶበታል» አልኳቸው።

«እንግዲያው አይሆንም ልጄ። ይሄን በረዶ የሚጠጣው ሰጋጅ ነው። የናንተ ሥጋ የነካውን አብሬ ከትቼ አላህ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«ጠርጌዋለሁ እኮ።»

«በምን ጠረግሽው?»

«በአልኮል።»

«ያ ረቢ። ከሥጋው ወደ መጠጡ።»

ሳላስበው ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዕቃዬን ተቀብዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ። ውስጡ ያለው የማሾው ነገር ነው? ያ ማሳችን ውስጥ ገብተሽ ስትለኪ የነበረው?»

«አዎ እትዬ።»

«ያንን ሁሉ ፀሐይ የተለበለብሽበት?»

«አዎ።»

ከዚያ ከጓዳ ክዳን ያለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አመጡ። «እዚህ ውስጥ ከትተሽ ክዳኑን በላስቲክ እሰሪው። ከታች ብቻውን ይቀመጣል፤ በረዶዬን ወደ ላይ አወጣለሁ። ሥራሽ ሲያልቅ ቆርቆሮው ካንቺ ጋር ይሂድ፤ እዚህ ቤት አይመለስም» አሉኝ።

እሳቸውም ተጸይፈውኛል። መጸየፋቸውን ግን ፊት ለፊት ነገሩኝ፤ ድንበሩን አሳዩኝና ከድንበሩ ወዲህ የሚቻለውን አደረጉልኝ። ሀይሉን አሰብኩት። ምንም የማይቀፈው ሰው እንዴት ይቀፋል።

ዓርብ ዕለት አዲሱ ሀርድ ዲስክ በሚኒባስ ደረሰ። ላፕቶፑ ውስጥ ስገጥመው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ ወደ ጎን አንሸራትቶ ቦታው ማስገባትና ብሎኖቹን መመለስ ነው። ዮናስ አብሮ በላከው ፍላሽ ሲስተሙን ጫንኩና ኮምፒውተሩን ይዤ እትዬ ሙሀባ ቤት፣ በረዶ ማድረጊያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አሮጌውን ዲስክ ከቆርቆሮው አውጥቼ በገመድ አገናኘሁት። አልነሳም። መልሼ ከተትኩት። ሁለተኛ ሳወጣው ቅጭ ማለቱን ተወና እንደ ንብ እምም አለ። ፋይሎቼ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ሲሉ ወደ አዲሱ መገልበጥ ጀመርኩ። ጥቂት ሲገለበጥ ሞቀውና ቆመ፤ እንደገና በረዶ ገባ። እንዲህ ስናወጣና ስናስገባ ዋልን። እትዬ ሙሀባ ደንበኛ ሲመጣ «ቆይ፣ የታመመ ሰው አለን» እያሉ ያስጠብቃሉ። የመጨረሻው፣ የፍሬ ክብደቱ ሠንጠረዥ፣ ተገልብጦ ሲያልቅ «አልሐምዱሊላህ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሀይሉ ላፕቶፑ ሲበራ አየ። ፊቱ ፈካ። «አየሽ፣ ሠራነው አይደል» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄ ነው፤ እሱማ ውሻውም ጅቡም ራሱ ነው። ቀጠለና «ጥሩ ጊዜ ነው የደረሰው። ሰኞ ከዞን ሰዎች ይመጣሉ፤ የልማት ሠራዊቱን ሪፖርት በስላይድ የማቀርበው እኔ ነኝ። ነገ እኔ ጋ ይደር» አለኝ።

«ሰኞ እኔም አቀርባለሁ።»

«ያንቺ ያው የትምህርት ነገር ነው። ወረቀት ላይ አንብቢላቸው። ማሾ ነው እኮ ዓይናለም፤ ማሾ ስላይድ አይፈልግም።»

እየቀለደ አልነበረም። ክዳኑን እየዳበሰ፣ ልክ ትሪ እንደሚመርጥ ሰው፣ ጠንካራነቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሞራውን ስፍቅ እንኳ እንዲያ አላቅለሸለሸኝም።

«እሺ» አልኩት።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ አናት ሲበሳ፣ ሀይሉ እርጥብ አንሶላ ደርቦ ያንኮራፋል። እኔ ካቻቢቴዬን አወጣሁ። አዲሱን ሀርድ ዲስክ ፈታሁና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከነገመዱ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት። በቦታው አሮጌውን መልሼ ገጠምኩ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ ክዳኑን ወለወልኩ፤ ራስጌው አስቀመጥኩለት፤ ስላይዱን በፍላሽ የሚያመጡለት ሰኞ ጠዋት ስለሆነ እስከዚያ እንደማይከፍተው አውቃለሁ። ልብሴንና የእትዬ ሙሀባን ቆርቆሮ ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ደብረ ሲናን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ገባኝና ነጠላዬን ደረብኩ። ያደርኩት ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የትምህርት ጓደኛዬ ፍሬሕይወት ዘንድ ነው፤ ላፕቶፕ አላት፤ ዲስኬን በገመድ ስናገናኘው ሥራዬ ሁሉ እንዳለ ወጣ።

ሰኞ አቅርቤ ጨርሼ፣ ከአዳራሹ ደጃፍ ሰው እጄን ሲጨብጥ ስልኬ ጮኸ። ሀይሉ ነው። ከበስተኋላው የሰው ጉምጉምታ ይሰማል።

«የዞን ሰዎች ተሰብስበው ላፕቶፑ አልነሳም አለኝ። ቅጭ ቅጭ ይላል። ምን አድርገሽው ነው የሄድሽው?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

«ምንም። ሥጋ ቤት ከርሞ እንዳመጣህልኝ አድርጌ መልሼልሃለሁ።»

«አንቺ ሴት፣ ሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ።»

«ግለ ሂስ አድርግላቸዋ።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ፤ ወደ ውጭ ሳይወጣ አልቀረም። «ይሁን፣ ስትመለሺ እንነጋገራለን» አለኝ፤ ያቺን የተለመደች፣ የስብሰባ መዝጊያ ድምፁን አውጥቶ።

እንዲህ ልበል ብዬ አስቤ አልነበረም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማሾው ነገር ካለፈልኝ ሌላውን እችለዋለሁ ብዬ ነበር።

«ወደ ሮቢት እመለሳለሁ፤ ተማሪዎቼ አሉ» አልኩት። «ወደ አንተ ግን አልመለስም።»