የእንድሪያስ አዲስ ሲስተም

እንድሪያስ ከአዲስ አበባ ስልጠና ሲመለስ ባጁን ከአንገቱ አላወለቀም። ሲቀላ ሰፈር ወዳለችው ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ሲገባ እንኳ ደረቱ ላይ ይወዛወዝ ነበር። ዕድላዊት አየችውና በሆዷ «ጉድ ፈላ!» አለች። የጣቢያውን ኮምፒውተሮች ስትጠግን ዓመታት ያለፏት እሷ ናት፤ አለቃ የተደረገው ግን እሱ ነው፣ ኮምፒውተር ሲቆምበት ሶኬት ነቅሎ መልሶ ከመሰካት ሌላ የማያውቅ ሰውዬ።

«ኦፕሬቲንግ ሲስተማችን ወደ አዲሱ የፓኬጅ አሠራር ይዛወራል» አለ በስብሰባ ላይ፣ አፉን ሞልቶ።

ነገሩን ዕድላዊት ከእሱ ይልቅ ታውቀዋለች። በድሮው አሠራር ፕሮግራሞቹ እንደ ጎረቤት ሰፌድና ወንፊት እየተዋዋሱ ይኖራሉ። በአዲሱ ግን እያንዳንዱ ዕቃውን ሁሉ ይዞ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ካልተፈቀደለት ከደጁ ያለውን አያይም። መጥፎ አሠራር አልነበረም። መጥፎው በእንድሪያስ አፍ መነገሩ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝውውሩን በገዛ እጁ ጀመረ። የጋሞ ሽማግሌዎች ታሪክ ሲያወጉ የተቀዳው ድምፅ ሁሉ ለብቻው በተሰካ ዲስክ ላይ ነበር፤ የዕድላዊት ሟች አባት፣ የዶርዜው የአቶ ኃይለመስቀል ድምፅም እዚያው። ሌላ ቦታ አልነበረም። ተጨማሪ ዲስክ ይገዛ ብላ ለምና ለምና ሰልችቷት ትታዋለች።

«ዕድላዊት፣ የድምፅ ማጫወቻው ፕሮግራም ድምፆቹን ያገኛቸዋል አይደል?» ሲል ጠየቃት።

እንደማያገኛቸው ታውቃለች። አንዲት መስመር ትእዛዝ ብትጽፍለት በሩ ይከፈት ነበር። ግን ያ ባጅ! «እርስዎ ያውቃሉ እንጂ፤ የሠለጠኑት እርስዎ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሰኞ እግሬ ላይ ወድቆ ይለምነኛል እያለች፣ ዶርዜ እናቷ ዘንድ እስክትደርስ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች።

ሰኞ የሚለምን ሰው አልጠበቃትም። ፕሮግራሙ አንድም ድምፅ የለም ሲለው፣ እንድሪያስ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ፎርማት አድርጎ ያለበትን ሁሉ አጥፍቶት ነበር፤ ይባስ ብሎ አዲሱን ሲስተም ከላዩ ጭኖበታል። ዕድላዊት ያልሞከረችው ነገር የለም። የአባቷ ድምፅ ግን ጠፋ።

«ደደብ!» ብላ ስትጮህ ጣቢያው በሙሉ ሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታም ነፈገችው።

በመጨረሻ የአባቷ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ይፍሩ፣ ነገሩን ለማብረድ መጡ። እንደ አገሩ ወግ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል፤ ሣር የያዘውን እምቢ ማለት ነውር ነው። እንድሪያስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ ሣሩን ይዞ ተንበረከከ። ያለቅስ ነበር። ዕድላዊት ቁልቁል አየችው፤ ማልቀሱ ራሱ አስጠላት።

«ልጄ፣ ዕርቅ የሚጸናው ሁሉም በሆዱ ያለውን ሲያወጣ ነው» አሏት ጋሽ ይፍሩ። «ባንቺ በኩል የቀረ ነገር አለ?»

የለም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ሣር ፊት መዋሸት በቤት ላይ መዓት ይጠራል ሲባል ሰምታ ያደገች ናት።

«ፕሮግራሙ ዲስኩን እንደማያየው አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጠይቆኝም ነበር። ይዋረድ ብዬ ዝም አልኩት።»

ጋሽ ይፍሩ ሣሩን ከእንድሪያስ እጅ ወስደው እሷን አስያዟት።