ሦስቱ ብጉሮች

እናትየዋ እንደ ወትሮው ከልጇ ቀድማ ተነሣች። መጋረጃውን ገለጠች፤ ለሻይ ውሃ ጣደች። ልጅቷ ለደም ምርመራ ባዶ ሆዷን መሄድ እንዳለባት ትዝ ሲላት እሳቱን አጠፋችው። ብቻዋን መብላት አልሆነላትም።

ልጅቷ ፀጉሯን በግራ ጉንጯ ላይ ለቃ መጣች። እናትየዋ አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻትና የዓይኗን የታች ቆብ ሳብ አደረገች።

«እማ፣ እኔም እኮ መስታወት አለኝ! ቢጫ ከሆነ እነግርሻለሁ።»

«ዝም በይና ወደ ላይ እይ።»

ነጭ ነበር። ባሏን በጉበት በሽታ ካጣች ወዲህ ከሰው ፊት አስቀድማ የምታየው የዓይንን ነጭ ነው። የልጅቷ የቆዳ ሐኪም የአባትየው ሕመም በቫይረስ የመጣ እንጂ የሚወረስ እንዳልሆነ አስረድታታለች፤ ገብቷታል። ሆኖም የብጉሩ ክኒን አንዳንዴ ጉበትን ስለሚነካ የልጅቷ ደም በየጊዜው ይታያል ስትባል፣ ከሐኪሟ ክፍል ይዛ የወጣችው «ጉበት» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ባለፈው ምርመራ የጉበቷ ውጤት ከፍ ብሎ ተገኘና ክኒኑ ቆመ። ዛሬ ካልወረደ ጨርሶ ይቀራል።

ደሟን ሰጥታ ውጤቱ እስኪደርስ ልጅቷ በመጠበቂያው ክፍል ግራ ጉንጯን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች። አባቷም ተማሪ ሳለ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጠው እንዲሁ ነበር።

«ከፊቱ ብጉር የተነሣ ጓደኞቹ ‹ካርታው› ይሉት ነበር» አለች እናትየዋ ሳታስበው።

«አባዬን? አይናደድም?»

«‹ማንበብ ላልቻለ ምን ላድርግለት› ይላቸዋል።»

ልጅቷ ሳቀችና ወዲያው አፏን ያዘች። «ኧረ አታስቂኝ እማ! ክኒኑ ያደረቀው ከንፈሬ ገና አልዳነም፤ ይሰነጠቃል።»

ክኒኑ በቆመባቸው ሳምንታት ከልጅቷ መንጋጋ በላይ ሦስት ብጉሮች ተመልሰው ወጥተዋል፤ ልክ አባቷ ጢሙን ሲላጭ ተጠንቅቆ ያልፍበት በነበረው ቦታ። ልጅቷ አለቀሰች። እናትየዋ አባበለቻት፤ ነገር ግን ባየቻቸው ቁጥር ባሏ ይናፍቃታል፣ ደስም ይላታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«ወርዷል» አለች ሐኪሟ፣ ውጤቱን አይታ። «ባለፈው ከምርመራው በፊት ኳስ ስትጫወቺ ነበር አላልሽኝም? ከባድ ስፖርትም ከፍ ያደርገዋል። አሁን መጠኑን ቀንሰን መቀጠል እንችላለን፤ ደምሽን መከታተላችን ግን አይቀርም።» ወደ እናትየዋ ዞረች። «እርስዎ ስጋት ካለብዎት ግን እንተወው። ብጉሩ ይመለስ ይሆናል እንጂ ለሕይወቷ አያሰጋም። ምን ይላሉ?»

ልጅቷ እናቷን አየች። «እፈራለሁ» ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ የባሏን መጨረሻ የሚያውቅ ሁሉ እውነቷን ነው ይላል። እናትየዋ ግን ፍርሃቷ ከውጤቱ ጋር መውረዱን፣ አሁን የያዛት ሌላ ነገር መሆኑን አውቃዋለች።

«ትቀጥል» አለች።

ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ ፀጉሯን ወደ ኋላ አሰረች። ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሲወጡ ከፊት ከፊት እየቀደመች ስታስቸግር እናትየዋ ተጣራች።

«ጥላ ጥላውን ሂጂ! ክኒኑን ስትወስጂ ፀሐይ ተከልክለሽ የለ?»

«እሺ ዶክተር!»

ሁለቱም ሳቁ።

ከሳምንታት በኋላ ሦስቱም ብጉሮች ከሰሙ። የደሙም ውጤት ደህና ነው። በቤቱ ውስጥ አባትየውን የሚመስል ፊት የለም።