መቶ ሦስት ጥቅል ጎመን

ክረምቱን ለመምህራን በተሰጠ ኮርስ ላይ አሠልጣኙ፣ «ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ፣ ራሳቸው ያቅዱ፣ ሠርተው ያዩትን ይናገሩ» አለን። ሌላው መምህር ሲያንቀላፋ እኔ እጄ እስኪዝል ጻፍሁ። በዚህ ዘዴ ባሕር ዳርን ጉድ ላሰኛት ቆርጬ ተመለስሁ።

ትምህርት እንደተከፈተ አምስተኛ ክፍሎቼን ሐይቁ ዳር ወዳለችው የትምህርት ቤቱ መሬት ወስጄ፣ «እዚህ ምን እንሥራ?» አልኋቸው። ለይምሰል ነው። የዕቅዱን ቅጽ በዋዜማው ማታ ሞልቼ፣ መቶ ጥቅል ጎመን ብዬ፣ ፈርሜበታለሁ። የጨርቅ ነጋዴው የሙሀመድዘይን ልጅ ሸምሲያ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጉማሬ ቢመጣስ?»

«ጉማሬ ዕቅዱ ውስጥ የለም» አልኋት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ።

ርእሰ መምህሩ ጋሽ ዳኘው ደግሞ፣ «ሰገነት፣ ሪፖርቱንም አብረሽ ጻፊውና ይላክ። ኋላ ወረቀት ይጠፋል። ከመቶ በታች እንዳትጽፊ ብቻ!» አሉኝ። መቶ ሦስት ጥቅል ጎመን ተሰበሰበ ብዬ ጻፍሁ። ጎመኑ ገና ዘር ነው። ሦስቱ ትርፍ ከየት እንደሚመጡ እሳቸውም አልጠየቁኝ፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁ።

በዚያ ዓመት ከመካከላችን አንድ መምህር ሐይቁን ተሻግሮ ደልጊ እንዲዛወር ተወስኖ ነበር። የየመምህሩን ሥራ አይተው ማን እንደሚሄድ የሚቆርጡት ከአውራጃ የሚመጡት ተቆጣጣሪ ናቸው። ደልጊን ጠልቻት አይደለም። ባሌ አዘዘ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ከተጋባን ገና ሰባት ወራችን ነበር። እሱን ትቼ መሄድ ሞት ሆነብኝ።

ጥር ላይ ጎመኑ አምሮ ተጠቀለለ። ተቆጣጣሪው ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት ልናጠጣ ብንወርድ መሬቱ ተደበላልቋል። በየመደቡ የድስት ክዳን የሚያህል ኮቴ ታትሟል። ለምስክር እንኳ አንድ ጎመን አልተረፈም። አፈሩ ላይ ዘፍ ብዬ፣ አርባ ልጅ ፊት፣ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍሁት፤ ሪፖርቱንም፣ ደልጊንም፣ አዘዘንም።

«መቶ ሦስት ነው ያሉት፣ ቲቸር?» አለች ሸምሲያ።

«አዎ፣ መቶ ሦስት።»

ዞር ብላ ጓደኞቿን አየቻቸው።

በቀጠሮው ቀን ተቆጣጣሪውን ጓድ አምባቸውን እግሬን እየጎተትሁ ወደ ሐይቁ ወሰድኋቸው። ጎመኑ ከጠፋ ወዲህ ወደዚያ አልወረድሁም፤ ምን እንደምላቸውም አላውቅም። ስንደርስ መሬቱ በአረንጓዴ ጥቅል ጎመን ተሞልቷል። ዓይኔን አላመንሁም። ሰውየው በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ።

«መቶ ሦስት! አንዲትም አልጎደለች!»

ሸምሲያ ተጠግታ አንድ ወረቀት እጄ ውስጥ አስገባች። ከየቤቱና ከየዘመዱ ጎመን የሚለምን፣ የሚሸከም፣ ኮቴውን የሚደለድል፣ ጎመኑን አፈር ውስጥ የሚሰካ፣ እንዳይጠወልግ ውኃ የሚረጭ፤ ሁሉም በየስሙና በየሰዓቱ ተጽፏል። ጉማሬው ቢመለስ ቆርቆሮ የሚደበድቡ ሁለት ልጆች እንኳ ተመድበዋል። ኮርሱ ላይ የተነገረን ሁሉ እዚያች ወረቀት ላይ አለ፤ ከኔ ዕቅድ ሺ ጊዜ ይበልጣል።

ጓድ አምባቸው እስክሪብቷቸውን አውጥተው «ባሕር ዳር ትቆይ» ብለው ሲጽፉ በትከሻቸው በኩል አየሁ። እሳቸው ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ለመሆኑ ከዚህ ሥራ ምን ተማራችሁ?»

ሸምሲያ ደረቷን ነፍታ ቆመች። «መጀመሪያ ሪፖርቱ ይጻፋል፣ ከዚያ ጎመኑ ይፈለጋል፣ ጓድ!»

ሰውየው ልጅቱ የተደናገረች መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን አፈርሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ይቺ ጎበዝ ልጅ ያስተማርኋትን አንድም ሳትስት ነው የመለሰችው። ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ጎመን ሳብ ባደርገው እጄ ላይ ቀረ።

«ጓድ አምባቸው፣ እውነቷን ነው» አልሁ። «ያስተማርኋት እኔ ነኝ።»

ጎመኑን ተቀብለው ሥሩን ፈለጉ፤ በቢላ የተቆረጠ አገዳ ብቻ ነው። የጻፉትን ሰረዙ። ጎመኑን መለሱልኝና፣ «የደልጊ ጀልባ ሐሙስ ነው የሚነሣው» ብለው ሄዱ።

ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። ሸምሲያ አላለቀሰችም፤ በቁጣ ፊቷ ቀልቷል።

«ሁላችን የየድርሻችንን ሠርተናል፣ ቲቸር። የእርስዎ ዝም ማለት ብቻ ነበር!»

«እሱ ነው ያቃተኝ፣ ሸምስዬ» አልኋት። እንባዬን ልጠርግ ብል እጄ ጭቃ ነበረና ፊቴን ለወስሁት። ያኔ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ቀጥላም በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግልኝ ጀመር።